ካራቫኔ ዝናብ ያስገባል፤ ሲሊኮን ብቀባም አልቆመም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ አካባቢ ነው። አምና እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራ ባለ አራት አልጋ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) ከግለሰብ ገዛን። በሰመር ከልጆቹ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ወጣንበት፤ ምንም አልነበረውም። ዊንተሩን በላስቲክ ሸፍኜ ግቢ ውስጥ አቆምኩት። በመጋቢት ስከፍተው የሻጋታ ሽታ ተቀበለኝ። ከፊት መስኮት በታች፣ በስተግራ ጥግ ያለው ግድግዳ ቡናማ ሆኗል። የግድግዳው ወረቀት ተነፍቷል፤ ስጫነው ይሰረጉዳል። ከውጭ በኩል ያለውን የአልሙኒየም ሐዲድ ዙሪያውን ሲሊኮን ቀባሁት፤ ዝናብ ሲጥል ግን አሁንም ይረጥባል። ጓደኛዬ ‹የትንፋሽ ላብ ነው፣ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ግዛ› ይለኛል። ሻጩ ደግሞ ‹አሮጌ ካራቫን ሁሉ ትንሽ ይረጥባል› ብሎኝ ነበር። ምን ላድርግ? ዘንድሮ እንጠቀምበት ወይስ እንሽጠው?»

ምላሽ፦

ወረቀቱ ተነፍቶ ግድግዳው ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ነገሩ የትንፋሽ ላብ አይደለም። ላብ መስኮት ላይ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ፍራሽ ሥር ይታያል። ጨርቅ ሲያሳልፉበት ይጠረጋል። የእርስዎ ግድግዳ ግን የለሰለሰው ከጀርባው ነው። ውሃ ከውጭ እየገባ ነው። የጀመረውም ባለፈው ዊንተር አይመስለኝም፤ እንጨት በአንድ ወቅት ዝናብ እዚህ አይደርስም። ማሽኑ ውስጡን ቢያደርቅልዎት እንኳ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይረጥባል።

ሻጩ ያለዎትም ልክ አይደለም። ይህ አባባል ብዙ ሰው ገንዘብ አስከስሯል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ግድግዳው ግን ድርቅ ያለ ካራቫን አለ። ባለቤቱ በየዓመቱ እርጥበቱን ያስለካል፤ የጠርዞቹንም ማሸጊያ ጊዜው ሲደርስ ይቀይራል። ቶሎ የሚያረጀው ማሸጊያው ነው። እሱ ሳይታደስ ሲቀር ነው ካራቫኑ አብሮ የሚሄደው።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ላስረዳ፤ ያለዚያ ጥገናውም አይገባም። በዚያ ዘመን የተሠሩት አብዛኞቹ የእንግሊዝ ካራቫኖች ከውጭ ስስ የአልሙኒየም ላሜራ ናቸው። ከላሜራው ጀርባ ቀጭን የእንጨት ሞራሌ አለ። በሞራሌዎቹ መካከል ፎም ይሞላል። ከውስጥ በኩል ወረቀት የተለበጠ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ይለጠፋል። ፊቱና ኋላው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ግላስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ገደማ ወዲህ አንዳንድ አምራቾች እንጨቱን እየተዉ መጥተዋል፤ የእርስዎ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ላሜራው ራሱ ውሃ አያሳልፍም። ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው ጎኑ ከጣሪያው፣ ጎኑ ከፊቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ነው። ያንን ጠርዝ የሚሸፍነው እርስዎ ሲሊኮን የቀቡት ሐዲድ ነው፤ ከካራቫኑ ጎን ድንኳን ሲዘረጉ ጨርቁ የሚሰካበት። ከሐዲዱ ሥር ቡቲል የሚባል ለስላሳ ማሸጊያ አለ። ሐዲዱ ደግሞ በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ በብሎን ተይዟል። እያንዳንዱ ብሎን ላሜራው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርገው ቡቲሉ ብቻ ነው።

ቡቲሉ አዲስ ሳለ ይለጠጣል። ካራቫኑ መንገድ ላይ ሲወዛወዝ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ልስላሴው ያልቅና እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ከዚያ በኋላ የሚገፋው ነፋስ ነው። በእንግሊዝ ሞተር ዌይ ላይ ካራቫን ለሚጎትት መኪና የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 60 ማይል ነው። በዚያ ፍጥነት በዝናብ ሲሄዱ ውሃው ወደ ታች አይወርድም፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ እየተገፋ ቀዳዳ ይፈልጋል። ቆሞ የማያፈስ ካራቫን ከጉዞ በኋላ ረጥቦ የሚገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ። ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነገር ነው፤ ለካራቫን ጠርዝ ግን አይሆንም። ከላይ ስለቀቡት ከሐዲዱ ሥር የተሰነጠቀውን ማሸጊያ አልነካውም። ውሃው ሲሊኮኑ የሳሳበትን አንዲት ነጥብ ፈልጎ ይገባል። ድሮ የገባው ውሃ ቢያንስ ጥቂቱ በሐዲዱ የታችኛ ጠርዝ ተመልሶ ይወጣ ነበር። አሁን ያ መውጫ ተደፍኗል፤ የሚቀረው መንገድ ወደ እንጨቱ ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አሲድ ስለሚለቅ አልሙኒየሙን ይበላል። ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ማሸጊያ በቅጡ አይጣበቅም፤ አዲስ ሲሊኮን እንኳ አይይዝም። ስለዚህ የቀቡት በሙሉ መነሳት አለበት። አዝናለሁ፣ ግን አቋራጭ የለውም። በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቁት፤ የቀረውን ለሲሊኮን ማስለቀቂያ ተብሎ በሚሸጠው ፈሳሽ ያንሱት።

ከመንቀልዎ በፊት ግን ውሃው የት እንደሚገባ ይወቁ። እድፉ የታየበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ውሃ ሞራሌውን ተከትሎ ይጓዛል፤ ከጣሪያ ጠርዝ ገብቶ ከመስኮት በታች ሊወጣ ይችላል። በእርስዎ ሁኔታ በዋናነት የምጠረጥረው የፊት ግራውን የጠርዝ ሐዲድ ነው። ግን እዚያው አካባቢ ሌሎችም አሉ። ከፊት መስኮት በላይ የመስኮቱ ማንጠልጠያ የተያዘበት ዘንግ አለ። ጥጉ ላይ ካራቫኑን በእጅ ለመግፋት የሚያዘው እጀታ አለ፤ ብሎኖቹ ቀጥታ ወደ እንጨቱ ይገባሉ፣ ሁሉም ሰው እየጎተተ ያላላቸዋል። ትንንሾቹ የፊት መብራቶችም አሉ። የመብራቱን ሽፋን ይክፈቱት፤ ውስጡ ውሃ ካቋተ ወይም አምፖሉ የሚሰካበት ከዛገ አንዱ ጥፋተኛ እሱ ነው።

ሐዲዱን ለመመርመር መሃሉ ላይ የገባውን የፕላስቲክ ክር ከአንድ ጫፍ ሳብ አድርገው ያውጡት። የብሎኖቹ ራስ ይታያል። ዝጎ፣ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ከተጠራቀመበት ውሃ እዚያ ውሎ አድሯል። ነጩ ዱቄት ብረቱና አልሙኒየሙ እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አልሙኒየሙ እየተበላ የሚተወው ነው። አንዱን ብሎን በካቻቢቴ ይፍቱት። ጤነኛው አንጸባራቂ ሆኖ፣ እንጨቱን ጥብቅ አድርጎ ይዞ እየተንጫጫ ይወጣል። የታመመው መሃሉ ቀጥኖ፣ ጥርሱ ላይ ጥቁር እርጥብ የእንጨት ብናኝ ተለጥፎበት ይወጣል። ምንም ሳይነክስ ባለበት የሚሽከረከርም አለ። የሚነክሰው እንጨት ስለሌለ ነው። እንዲህ ያለውን ካዩ ከጀርባ ያለው ሞራሌ በስብሷል ማለት ነው።

የእርጥበት መለኪያ ይግዙ። ሁለት መርፌ ያለው ርካሹ በ20 ፓውንድ ገደማ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በካራቫን ጥገና ሙያ እንደ መመሪያ የሚያዘው ይህ ነው፦ እስከ 15 በመቶ ያለው ጤነኛ ነው። ከ15 እስከ 20 ያለው በዓይነ ቁራኛ ይጠበቃል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ ይለካል። ከ20 በላይ ከሆነ ውሃ እየገባ እንደሆነ ይቆጠራል፤ እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስም መኖር የሚችለው ከዚህ ገደማ ጀምሮ ነው። 30ን ያለፈ ከሆነ አካሉ ተጎድቷል ብሎ መጀመር ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መርፌው ከወረቀቱ ጀርባ ብረት ወይም የአልሙኒየም ፎይል ከነካ ቁጥሩ በሐሰት ይዘላል። ስለዚህ አንዲት ከፍ ያለች ቁጥር አትበቃም። ከጣሪያ እስከ ወለል፣ በየአንድ ስንዝሩ ይለኩና በወረቀት ላይ ይጻፉት። ቁጥሩ ከየት ጀምሮ እንደሚያድግ ሲያዩ ውሃው የመጣበት አቅጣጫ ይገለጥልዎታል። ቀዳዳ እንዳይታይብዎት የመስኮት ጎማ ሥር፣ ቁም ሳጥን ውስጥና መቀመጫ ሥር ይውጉ።

ቀጥሎ የውሃ ጎማ። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፤ አንዱ ከውጭ ውሃውን በቀስታ ያፍስስ። ሁልጊዜ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ እጀታው፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ መጨረሻ ሐዲዱና ጣሪያው። እያንዳንዱ ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ስለሚያርሰው የቱ እንደሚያፈስ አታውቁም። በኃይል የሚረጨውን ማጠቢያ ማሽን በፍጹም አይጠቀሙ፤ ጤነኛ ማሸጊያም ይሰብራል። በዚህ መንገድ ካልተገኘ ሌላ ዘዴ ያላቸው ጠጋኞች አሉ። በማራገቢያ ካራቫኑን ከውስጥ በአየር ይሞሉና ከውጭ ጠርዙ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባሉ። አየር የወጣበት ቦታ አረፋ ይሠራል። ለዚህ የሚከፍሉት ገንዘብ ያለቦታው ከመንቀል ያድንዎታል።

የቧንቧውንም ነገር አይርሱ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ በሌሊት ብቻውን ትር ትር ካለ የሆነ ቦታ ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ነው። የእርስዎ በዝናብ ስለሚረጥብ ይህ ዋናው አይመስለኝም፤ ለማጣራት ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ጥገናው። ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ደረቅ ቀናት ይምረጡ። አንድ ጎን ብቻ ይጀምሩ፤ ሁለቱን ነቅለው ዝናብ ቢመጣ መግቢያ ያጣሉ። ብሎኖቹን ሁሉ ይፍቱ። ሐዲዱን ሳያጥፉ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። የታጠፈ ሐዲድ ተመልሶ ቀጥ አይልም፤ ለዚያ ዘመን ሞዴል ምትክ ማግኘትም ቀላል አይደለም። የድሮውን ማሸጊያ በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት። በብረት አይፋቁ፤ ቀለሙን ከጫረ አልሙኒየሙ ከዚያ ይበላሻል። ከዚያ በዋይት ስፒሪት (የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) ጠርገው ላሜራው ንጹህ እስኪሆን፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ያጽዱት። መስኮቱን ግን አደራ። የካራቫን መስኮት ብርጭቆ አይደለም፣ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ዋይት ስፒሪትም ሆነ አልኮል ከነካው በጥቃቅን ስንጥቅ ሊሞላ ይችላል፤ መመለሻ የለውም። በፕላስቲክ ሸፍነውት ይሥሩ።

ሐዲዱን ሲያነሱ ጠርዙ ሥር ያለው ሞራሌ ይታያል። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ጠንክሮ ከመለሰዎት ዕድለኛ ነዎት፤ እንዲደርቅ ጊዜ ይስጡትና ይቀጥሉ። ከገባ፣ ወይም በጣት የሚፈረፈር ከሆነ፣ ከውስጥ በኩል ግድግዳው መከፈት አለበት። በእርስዎ ጥግ ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ። የተነፋውን ኮምፔንሳቶ ቆርጠው ያውጡት። የበሰበሰውን ሞራሌ እስከ ጤነኛው ድረስ፣ ከጤነኛውም አንድ ስንዝር ጨምረው ይቁረጡ። በዚያው ልክ የተቆረጠ፣ ፀረ ፈንገስ የተቀባ አዲስ ሞራሌ ይተኩ። ሻጋታ ያለበትን ሲያነሱ አፍና አፍንጫዎን በደንብ የሚሸፍን ማስክ ያድርጉ፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ አካባቢው አይድረስ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ግድግዳው ሳይደርቅ አዲስ ኮምፔንሳቶ ይለጥፋል። ውስጡ የታፈነው እርጥበት አዲሱን እንጨት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይበላዋል። ውጩን መጀመሪያ ይድፈኑ፤ ውስጡን ክፍት አድርገው ይተዉት። መለኪያው በተከታታይ ከ15 በመቶ በታች እስኪያሳይ ድረስ አይዝጉት። ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴ ወራት። እርጥበት የሚመጠው ማሽን ቦታው እዚህ ነው፤ ውጩ ከተደፈነ በኋላ ሥራ ያፋጥናል። ሲገዙ ይጠይቁ፤ በኮምፕሬሰር የሚሠራው ዓይነት በብርድ ጊዜ አቅሙ ይደክማል፣ ለቀዝቃዛ ቦታ የተሠራ ሌላ ዓይነት አለ።

ሐዲዱን ሲመልሱ አዲስ ቡቲል ቴፕ ይጠቀሙ። ጥቅሉ ጥቂት ፓውንድ ነው። ከሐዲዱ ጀርባ ሳያቋርጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለጥፉት፤ ጥግ ላይ ሲታጠፍ አይቁረጡት። የድሮዎቹን ብሎኖች ይጣሏቸው። በማይዝግ ስቴንለስ ይተኩ፤ ቀዳዳው ከላላ ትንሽ ወፈር ያለ ይሁን። ርዝመቱን ግን ቀድመው ይለኩ፤ የረዘመ ብሎን በውስጥ ግድግዳ በኩል ብቅ ይላል። አንዱን በአንዴ እስከ መጨረሻው አያጥብቁ። ሁሉንም ለዘብ አድርገው ያስይዙ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ጫፍ ያጥብቁ። ቡቲሉ በሁለቱም ጠርዝ ተጨምቆ መውጣት አለበት። ያልወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ማሸጊያው አንሷል። ለአንድ ቀን ይተዉትና ደግመው ጠበቅ ያድርጉ፤ ከዚያ የተረፈውን በፕላስቲክ መፋቂያ ይቁረጡ። የፕላስቲኩንም ክር በአዲስ ይቀይሩት። እጀታውና መብራቱም በዚሁ መንገድ ተነቅለው በአዲስ ቡቲል ይመለሱ። የጣሪያው መስኮት ዕድሜውን ከጨረሰ ፀሐይ ፕላስቲኩን ስለሚያደርቀው ይሰነጠቃል፤ ጣሪያ ላይ ሳይወጡ መሰላል ሆነው ይመልከቱት። የብዙ ካራቫኖች ጣሪያ የሰው ክብደት አይችልም።

ታች ደግሞ ወለሉ አለ። መንገድ ላይ ጎማው የሚረጨው ውሃ የጎማ መሸፈኛውን ጠርዝና የወለሉን ጥግ ያርሳል። ሥር ገብተው በባትሪ ይዩ። ጥቁር የሆነና ሲነኩት የሚለሰልስ ካለ በካቻቢቴ ይፈትኑት። በር አጠገብ ሲረግጡት ዝቅ የሚል፣ የሚንቋቋ ወለል ግን ሁልጊዜ የውሃ ጉዳት አይደለም። ወለሉ ሁለት ኮምፔንሳቶ በመሃሉ ፎም ይዞ የተጣበቀ ነው። በመርገጥ ብዛት ይላቀቃል። እንዲህ ያለው ወለል ሙጫ በመርፌ እየተሰጠው ይጠገናል፤ ከዝናቡ ጋር አያምታቱት።

ጓደኛዎ ስለ ላብ ያነሱት ጉዳይ ለዚህ ጥግ መልስ ባይሆንም ችላ የሚባል አይደለም። ካራቫን ጠባብ ቤት ነው። አራት ሰው አድሮበት ሲነጋ መስኮቱ የሚንጠባጠበው ትንፋሽ ነው። ጋዝ ሲነድም ውሃ ይወልዳል፤ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ተቃጥሎ ሲያልቅ ከአንድ ኪሎ ተኩል የበለጠ ውሃ በእንፋሎት መልክ አየሩ ላይ ይለቃል። በዚያ ላይ የእኛ ምግብ ረጅም እሳት ይፈልጋል። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ወጥ ሲንተከተክ ግማሽ ቀን ነው። ወጡን ቤት ሠርተው ይውሰዱት ወይም ከውጭ ከድንኳኑ በታች፣ ጎኑ ክፍት ሆኖ ያብስሉት። ውስጥ ሲያበስሉ የጣሪያውን መስኮት ይክፈቱ። ፍራሹ ከግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ትንሽ ክፍተት ይተዉለት።

የቡናው ነገር ደግሞ አደገኛ ነው። ከሰል በምንም ምክንያት ካራቫን ውስጥ አይግባ። በተዘጋ ድንኳን ውስጥም አይሆንም። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ማለት አያድንም፤ የሚገድለው የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ እሱ ከፍምም ይወጣል። ቡናውን ደጅ ያፍሉ፤ ምድጃውንም ለሙቀት ብለው ወደ ውስጥ አያስገቡ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከሌለዎት ዛሬውኑ ይግዙ።

ከዚሁ ጋር፣ ብርድ ገባ ብለው ወለሉና ጣሪያው ላይ ያሉትን የአየር መተንፈሻዎች እንዳይደፍኑ። የወለሎቹ ሁለት ሥራ አላቸው። አየር ያስገባሉ፤ ጋዝ ቢያመልጥ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ በነሱ በኩል ወደ ውጭ ይወርዳል። በጨርቅ የተወተፉ መተንፈሻዎች ያሉት ካራቫን ይሻግታል፣ ይባስ ብሎም ለሕይወት ያሰጋል።

ላስቲክ ሸፍነው ማቆምዎ ጉዳቱን አባብሶታል። ላስቲክ ዝናቡን ቢከለክልም ከሥሩ ያለውን እርጥበት ያፍናል፤ በነፋስ ሲመታም ቀለሙንና መስኮቱን ይፍቃል። መሸፈን ካስፈለገ አየር የሚያስተነፍሰውን፣ ለካራቫን ተብሎ የተሠራውን ይግዙ። ለዚያውም የሚሸፈነው ደረቅና የተደፈነ ካራቫን ነው። በጥቅምት ውሃውን ከታንኩ፣ ከማሞቂያውና ከቧንቧው ሁሉ ያፍስሱ፤ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ቧንቧ ይሰነጥቃል። ፍራሾቹን ወደ ቤት ያስገቡ ወይም መሃል ላይ ያቁሟቸው። ቁም ሳጥኖቹን ከፍተው ይተዉ። ካራቫኑን ሲያቆሙ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት፤ ጣሪያው ላይ ውሃ አይቁም። በብርዱ ወራት ደረቅ ቀን ሲገኝ በር ከፍተው ያናፍሱት።

ይሸጥ ወይስ ይጠገን? መልሴ ይጠገን ነው፤ አንድ ገደብ አለው እንጂ። ግድግዳውን ከፍተው ጉዳቱ በዚያ ጥግ ብቻ ከተወሰነ፣ ሞራሌው ከአንድ ክንድ ባልበለጠ ከበሰበሰ፣ ወለሉም ጥጉ ላይ ጠንካራ ከሆነ፣ ሥራው በእጅዎ ይሠራል። የሚበልጠው ወጪ ጊዜ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሌላኛውንም ጎን ባያፈስም በሚቀጥለው ዓመት ነቅለው ያድሱት፤ የማሸጊያው ዕድሜ አንድ ነው። ብስባሴው ግን የፊቱን ሁለቱንም ጥግ ይዞ ወደ ወለሉ ከወረደ፣ ወይም የጎን ግድግዳው ወለሉ ላይ የሚያርፍበት እንጨት ከተፈረፈረ፣ እዚያ ላይ ያቁሙ። ባለሙያ ቢሠራው የካራቫኑን ዋጋ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን መጎተትም አይመከርም፤ ግድግዳው የሚይዘው ነገር የለውም። ኢንሹራንስ እንደሚከፍልዎት አይጠብቁ፤ ቀስ በቀስ የገባ እርጥበትን አብዛኞቹ ውሎች አይሸፍኑም።

ያ ከሆነ ምድጃውን፣ ፍሪጁን፣ መስኮቶቹንና ማሞቂያውን ነቅለው ለየብቻ ይሽጧቸው፤ የዚያ ዘመን ዕቃ ፈላጊ አለው። ሙሉውን መሸጥ ከመረጡ የለካችሁትን ወረቀት ለገዢው ይስጡት። ሻጩ ለእርስዎ ያደረገውን እርስዎ ለሌላ ቤተሰብ አያድርጉ።

ለዘንድሮ ሰመር ደግሞ እንዲህ ያድርጉ፦ በዚህ ሳምንት ለክተው ይጻፉ፤ ደረቅ ቀን ሲገኝ የግራውን ሐዲድ፣ እጀታውንና መብራቱን ነቅለው ያድሱ፤ ውስጡን ከፍተው ያድርቁ። እንጨቱ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ጥጉ ክፍት እንደሆነም በነሐሴ ልጆቹን ይዘው መውጣት ይችላሉ። የውስጡን ኮምፔንሳቶ ተመልሰው፣ መለኪያው ሲፈቅድ ይለጥፉት።